የታሽከንት ሽንኩርት

ሃያ ስድስት ዓመት ናዝሬት ቴሌ ውስጥ የሰው ቴሌግራም ስቀበል ኖሬያለሁ። ከአዲስ አበባ በስልክ ይነበብልኛል፣ እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ መልእክተኛው ለባለቤቱ ያደርሳል። የወለደውም፣ ፈተና ያለፈውም፣ የተሾመውም፣ የሞተውም በእጄ አልፏል። ባለቤቴ ተሻለች «አንተ እኮ ሐሜት በደመወዝ የምትሰማ ሰው ነህ» ትለኝ ነበር። አልዋሽም፣ የሰው ሞት ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። እንዲያውም ከሞቱ ይልቅ የፊደል ስሕተቱ ያናድደኝ ነበር።

የኔ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከቴሌግራም ሳይሆን ከሽንኩርት ነው። አንዲት ልጃችን ሙሉብርሃን የጥጥ እርሻ ልታጠና ሶቪየት ኅብረት፣ ታሽከንት ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። በ1978 መስከረም፣ ወዬሳ የሚባል የመቂ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ከእሷ የተላከ ጥቅል ይዞልን መጣ። ጋዜጣውን ስንፈታው ጡጫ ጡጫ የሚያካክሉ ሦስት ሽንኩርት መሳይ ነገሮች ወጡ። መሃላቸው ላይ በጣት የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለ። ሽታቸው ግን ጉድ ነው፤ ቤቱ ወጠጤ የታሰረበት በረት ሆነ።

«ሦስት ዓመት ተምራ ተምራ የላከችልኝ ይሄን ነው?» አለች ተሻለች፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ እየሳቀች። የዚያን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው ስለነበር ደብዳቤውን እኔ አነበብኩላት።

«እማዬ፣ ይሄ የሚበላ ሽንኩርት አይደለም፣ መርዝ ነው፣ እንዳትከትፊው» ይላል። «አበባ ነው። እዚህ ተራራው ላይ በረዶው ሲቀልጥ ብቅ ይላል። ግንዱ ወገብ ይደርሳል፣ ጫፉ ላይ ቀያይ ደወሎች ዙሪያውን ቁልቁል ይንጠለጠላሉ። አንዱን ደወል ቀና አድርገሽ ውስጡን ብታዪው የውኃ ጠብታ ተደርድሮ ታገኛለሽ፣ ብትነቀንቂውም አይወድቅም። ስሙ የንጉሥ ዘውድ ነው፤ አባዬ ቀበሌ ሄዶ እንዳያወራው። ታኅሣሥ ላይ ዓይንሽን ስትታከሚ፣ በአዲሱ ዓይንሽ አይተሽ የምትደሰቺበት ነገር ይሁን ብዬ ነው። እኔም ነሐሴ ላይ ጨርሼ እመጣለሁ።»

«እውነት አይወድቅም ጠብታው?» አለችኝ።

«እሷ አይወድቅም ካለች አይወድቅም» አልኳት።

ለኔ ደግሞ ለብቻው ሌላ ወረቀት ነበረኝ፣ አንድ ሁለት ተብሎ ትእዛዝ የተጻፈበት። ልጄ ነገር ስታስረዳ እናቷን አይደለችም፤ እኔን ነች። ከመተከሉ በፊት ሦስት ወር ብርድ ውስጥ ይቀመጥ ይላል፤ ብርድ ካላገኘ አያብብም። ሲተከል አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር፣ በጎኑ ተኝቶ ይተከል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀዳዳው ውኃ ይይዝና ይበሰብሳል። ውኃ አይብዛበት። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ናዝሬት ላይ ግን ብርድ ከየት ይመጣል? የኛ ከተማ ብርድ ሹራብ እንኳ አያስደርብም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሦስቱን ሽንኩርቶች ይዤ ሳፊያ ሱቅ ሄድኩ። ሳፊያ የወሎ ሰው ናት፤ ከኛ ሁለት ቤት አለፍ ብላ ለስላሳና በረዶ ትሸጣለች። በሰፈራችን የሚያስተማምን ፍሪጅ ያላት እሷ ብቻ ነበረች።

«ጋሽ ኃይለየሱስ፣ ምን ይዘው ነው የመጡት? ወጠጤ አርደው ነው?» አለችኝ።

«አበባ ነው። ሙሉ ናት የላከችው።»

«አበባው እንዲህ ከሸተተ እሾሁ ምን ሊሆን ነው!» ብላ ሳቀች። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አመጣች፣ ከተተቻቸው፣ ክዳኑን በጨርቅ አሰረችና ከታች አስቀመጠችልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ደንበኞቿ የለስላሳ ጠርሙስ ሲቀበሉ ፊታቸውን ማጨማደድ ጀመሩ። ሳፊያ ግን አውጡልኝ አላለችም። ልጇን ዙለይካን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያስጠናቻት ሙሉብርሃን ነበረች። «ለሙሉ ከሆነ ሱቁም ይሽተት» አለች።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሳወጣቸው ከሥራቸው ነጭ ነጭ ክር አውጥተዋል። የግቢያችን መሬት ጠባብ ነው፤ ክፍት የሆነው ቦታ ከኒሟ ዛፍ ሥር ያለው ብቻ ነው። እዚያ አሸዋ ቀላቅዬ ሦስቱንም በጎናቸው አስተኛኋቸው።

ታኅሣሥ ስምንት ቀን ተሻለች አዲስ አበባ አንድ ዓይኗን ተሠራች። ሐኪሙ አርባ ቀን ብሎ ከለከላት፤ ማጎንበስ የለም፣ ጭስ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ ማልቀስ ፈጽሞ የለም። ካለቀስሽ ስፌቱ ይበላሻል፣ ዓይኑን ታጪዋለሽ አላት።

«ምን ያስለቅሰኛል፣ ልጄ ልትመጣልኝ ነው» አለችው።

በሳምንቱ ነው፤ ማክሰኞ ታኅሣሥ አሥራ አምስት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ከአዲስ አበባ የምታነብልኝ አዲስ ልጅ ናት፣ ድምጿን አላውቀውም፣ እሷም አታውቀኝም። የቀበሌያችንን ቁጥር ጠራች፤ ለሊቀመንበሩ ይላል። ጻፍኩ። «በታሽከንት በትምህርት ላይ የነበረችው» አለች። ጻፍኩ። «ተማሪ ሙሉብርሃን ኃይለየሱስ።» ጻፍኩ። «ባደረባት ድንገተኛ ሕመም ታኅሣሥ 12 ቀን 1978 ዓ.ም. ስላረፈችና ሥርዓተ ቀብሯ እዚያው ስለተፈጸመ ለወላጆቿ እንዲያስታውቁ።» አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት። እጄ ከኔ ቀድሞ ሄዶ፣ እኔ ኋላ ነው የደረስኩበት።

ደንቡ ደግሞ አለ። የተቀበለ ሰው የተቀበለውን መልሶ ያነባል። «ይድገሙልኝ» አለችኝ ልጅቷ። ደገምኩላት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የልጄን ሞት በራሴ አፍ አነበብኩላት።

«ትክክል ነው» አለች። «የተቀባዩ ስም?»

«ኃይለየሱስ» አልኩ።

መስመሩ ላይ የሌላ ሰው ወሬ ከሩቅ ይሰማል። «ውይ፣ አባቴ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

መልእክተኛውን አልጠበቅሁም፣ ራሴ ወሰድኩት። የቀበሌው ሊቀመንበር ወጣት ነው፣ ስብሰባ ላይ አፉን የሚያቆመው የለም፤ ያን ቀን ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ የእድራችንን ዳኛ አቶ ዘገዬን አስጠራ። አቶ ዘገዬ የጡረታ መቶ አለቃ ናቸው። በሰፈሩ የደረሰውን መርዶ ሁሉ ያረዱት እሳቸው ናቸው፤ የቱ ሴት ትወድቃለች፣ የቱ ወንድ ጨርቁን ይቀድዳል፣ ቀድመው ያውቃሉ። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤት ሰባት ስምንት ሰው ሆነን ተቀመጥን። ዓይኗ ተሠርቶ ገና ሳምንቷ ነው፤ ዛሬ ከተረዳች ልጇንም ዓይኗንም ባንድ ቀን ታጣለች። አርባዋ እስኪወጣ ድረስ መርዶው ይቆይ ተባለ። ክፉ የመከረ ሰው አልነበረም፤ ይሄን መናገር አለብኝ። ሁሉም ለእሷ ብሎ ነው።

ማታ ቤት ስገባ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«ዛሬስ ምን ሰማህ?»

«ምንም» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ጀመርኩ። ሰው አንድ ቀን ይዋሻል፤ በማግሥቱ የትናንቱን ውሸት የሚጠብቅ ሌላ ውሸት ያስፈልገዋል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሴቶቹ ሊጠይቋት ሲመጡ ጥቁር ሻርፓቸውን በር ላይ አውልቀው ጉያቸው ይከቱና ነጭ ለብሰው ይገባሉ፤ ሲወጡ መልሰው ያደርጉታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት የኛ ቤት ነበር። እሷ «ይሄ ዓይኔ ሰው አፈራልኝ፣ ወጪ ገቢው በዛ» እያለች ትደሰታለች።

እኔ የማለቅስበት ቦታ አገኘሁ፤ የሽንኩርቶቹ መደብ። ማጎንበስ ለእሷ ስለተከለከለ መሬቱ የኔ ሆነ። አረም የሌለበትን መሬት እያረምኩ፣ ፊቴን አፈሩ ላይ ደፍቼ አለቅሳለሁ። እሷ በረንዳው ላይ በርጩማዋ ላይ ሆና ትጮህብኛለች።

«አንተ ሰውዬ! አፍጥጠህ ስላየኸው ቶሎ ይበቅላል እንዴ?»

ገና ላይ ዶሮ ተሠራ፤ በላች፣ እኔም በላሁ። ጥር ሦስት ከታሽከንት ደብዳቤ መጣ። ከመሞቷ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት የጻፈችው ነው፤ ፖስታው መንገድ ላይ ቆይቶ። ብርዱ እንደበረታ፣ ትንሽ እንዳመማትና እንደተሻላት ትናገራለች። «ሽንኩርቶቼ ተተከሉ ወይ?» ትላለች። ተሻለች ሁለቴ አስነበበችኝ። ሁለተኛውን ሳነብ ድምፄ ሲሰበር «ጉንፋን ይዞሃል፣ ዝንጅብል አፍላ» አለችኝ። አፈላሁ።

ጥር አምስት ቀን አንዱ በቀለ። ሁለቱን ቆፍሬ ሳያቸው በስብሰው ውኃ ሆነዋል፤ ናዝሬት አልተስማማቸውም። አንዱ ግን አውራ ጣት የሚያህል ቡቃያ አወጣና ቀን በቀን ማደግ ጀመረ። ማለዳ ከማየው ማታ ረዝሞ ይገኛል። የጥምቀት ዕለት ስንዝር ሞልቶ ነበር። ተሻለች ለታቦቱ እልል ብላ ተመልሳ «ሙሉዬ ስትመጣ ያቺን ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ አጠገቡ ፎቶ ትነሳለች» አለች።

ጥር አሥራ ስምንት ሐኪሙ ፋሻውንና ክልከላውን ሁሉ አነሳላት። ዓይኗ እንደ ወጣት ዓይን ያያል። ጥቁር መነጽር አድርጋ ከአውቶቡስ እንደወረደች የሱቆቹን ጽሑፍ ጮክ ብላ እያነበበች ቤት ድረስ ሄደች። ባሌ እንዲህ አርጅቷል እንዴ ብላ መንገድ ላይ አፌዘችብኝ። እኔም ሳቅሁ። በእውነት ነው የሳቅሁት።

በማግሥቱ አቶ ዘገዬ መጡ። ግቢያችን ውስጥ ወዲያና ወዲህ በእርምጃ ለኩ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል እያዩ ነው።

«አቶ ዘገዬ ምን ይለካሉ?» አለችኝ ተሻለች ከበረንዳው።

«የጓሮ አትክልት ቆጠራ ነው፣ ቀበሌ አዟቸው» አልኳት።

አቶ ዘገዬ ይሄን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። በር ላይ ስሸኛቸው ክንዴን ያዙኝ። «የዓይኗ አርባ ወጥቷል። የፊታችን እሑድ ይሁን» አሉኝ።

«ትንሽ ቀን ይስጡኝ» አልኩ። «አበባው ሊያብብ ነው። ድንኳኑ ከተተከለ ያለው ቦታ እሱ ነው፣ ይረገጣል። ልጇ የላከችላትን አንድ ጊዜ በዓይኗ ትየው። ከዚያ በኋላ ታልቅስ።»

«አቶ ኃይለየሱስ፣ ዓይኗን ብለው ነበር፣ እሺ ብለናል። አሁን ለአበባ ብለው እናትን ከእንባዋ ሊያስቀሩ ነው?»

«ለመንኩዎት።»

ክንዴን ለቀቁኝ። «እስከ የካቲት ዘጠኝ» አሉኝ በመጨረሻ። «እሑድ ነው። በዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ አበበም አላበበም፣ እንመጣለን።»

አቶ ዘገዬ ልክ ነበሩ። የመጀመሪያው አርባ ቀን ለዓይኗ ነው፣ በዚያ ማንም አይፈርድብኝም። የቀረው ግን ለኔ ነበር። አበባ አበባ እያልኩ ሰውን አሳመንኩ እንጂ፣ የፈለግሁት ሳቋን ነው። ልጄ የሞተችው ቴሌ ቤት ውስጥ ነው፤ ቤቴ ስገባ ነሐሴ ላይ ትመጣለች። ተሻለች «ስትመጣ» ባለች ቁጥር እኔም ለአንድ አፍታ አምን ነበር። ያን አፍታ ማጣት ሞት መሰለኝ።

የልጄ አርባ ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ አስተርዮ ማርያም ዕለት ዋለ። ለተሻለች «ደብረ ዘይት የፈረስ ፋንድያ ላመጣ ነው፣ ለአበባው» ብዬ ሄድኩ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ቄሱን ለመንኩና ፍትሐቱን አደረሱላት። ከጀርባዬ ሰው አልነበረም። ቄሱ «እናት የላትም?» ብለው ጠየቁኝ። «አለቻት፣ ታማለች» አልኳቸው። ከዚያ የጋሪ ፈረሶች ከሚቆሙበት ፋንድያ ለቅሜ በከረጢት ይዤ ተመለስኩ፤ ውሸቴ ባዶ እጅ እንዳይሆን።

ከሁሉ የከፋው ጥር ሃያ አምስት ነው፤ የዙለይካ ሰርግ። ሳፊያ ሰርጉን ልታስተላልፍ ፈልጋ ነበር። የወንዱ ቤት ጨርሶ ጠርቷል፤ ደግሞ ምክንያቱን ተሻለች ብትጠይቅስ? እኛን አለመጥራትም አይሆንም። ስለዚህ ተጠራን። ተሻለች መነጽሯን አውልቃ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ከሴቶቹ ድንኳን መሃል ገብታ ከበሮውን ከአንዲት ልጅ እጅ ነጠቀች።

«ዙለይካን ያስተማረች ልጄ ናት! የእሷን ድርሻ እኔ ነኝ የምጨፍር!» አለች።

በሕይወቷ እንዲያ መትታ አታውቅም። ሴቶቹ አጨበጨቡላት፤ ከዚያ አንዷ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁለት ባንድነት። ሳፊያ የገዛ ልጇን ሰርግ ጥላ ውኃ ማጠራቀሚያው በርሜል ጀርባ ቁጭ ብላ፣ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ እንዳይወጣ። እኔ ከወንዶቹ ጋር በድንኳኑ ቀዳዳ ሁሉንም አያለሁ። ተሻለች ላቧን እየጠረገች «ምነው ሴቶቹ? ዙለይካ ሩቅ የምትሄድ መሰላቸው? ሻሸመኔ'ኮ ነው!» አለች። ያን ቀን ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አልተነሳሁም።

የካቲት ሲገባ ግንዱ ጉልበቴን አለፈ። ጫፉ ላይ አምስት አረንጓዴ እንቡጦች አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ተሻለች ሰፈሩን ጠርታ አሳየች። ፎቶ አንሺ ቀጠረች፤ ፎቶው ታሽከንት ይላካል። እኔ ጧት ጧት በልክ አንድ ኩባያ ውኃ አጠጣዋለሁ፣ ቀን ቀን ነጠላ ዘርግቼ አጠላለታለሁ። በየካቲት የናዝሬት ነፋስ የሚምር አይደለም፤ አቧራውን ከነእሳቱ ይዞ ይመጣል። ከሐሙስ ጀምሮ ነፈሰ። ዓርብ ነጠላውን ቀደደው።

ቅዳሜ የካቲት ስምንት ረፋዱ ላይ ከገበያ ስመለስ እንቡጦቹ ደርቀዋል። አንዳቸውም አልተከፈቱም። ቆዳቸው ተጨማዶ እንደ ቆየ በርበሬ ጠቁሯል፣ ግንዱ ግን አሁንም ለምለም ነበር። ቆሜ ቀረሁ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ይመጣሉ።

ተሻለች ከኋላዬ መጣች። ጎንበስ ብላ አንዱን እንቡጥ ነካችው፤ እጇ ላይ ወደቀ። ታዝናለች ብዬ ፊቷን አየሁ። ፊቴን አይታ እሷ ነች የሳቀችው።

«ምን ሆነሃል? ሰው የሞተብህ መሰልክ'ኮ! አበባ ነው። ልጄ ነሐሴ ላይ ትመጣ የለ፣ ሌላ ታመጣልናለች።»

«አትመጣም» አልኳት።

ከአፌ ወጣ። ወጉ እንዲህ አልነበረም። አቶ ዘገዬ መናገር፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ መያዝ ነበረባቸው። የሆነው ግን እኔና እሷ ብቻችንን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሽንኩርት ዘንቢል በእጄ ይዤ ነው።

«ለምን? ትምህርቱን አራዘሙባት?»

«ተሻሉ፣ ሙሉ አርፋለች።»

ጩኸቷን ጠበቅሁ። አልጮኸችም። እጇ ላይ ያለውን እንቡጥ ለረዥም ጊዜ አየችው። «መቼ?» አለች።

«ታኅሣሥ አሥራ ሁለት።»

«አንተ መቼ ሰማህ?»

«በአሥራ አምስት።»

በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ገና አለች። ጥምቀት አለች። አስተርዮ አለች። ጣቷ ቆመ።

«ከበሮ መታሁ'ኮ» አለችኝ። «ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳፊያስ?»

«ታውቅ ነበር።»

«ሴቶቹ በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«አርባዋን ማን አወጣላት?»

«እኔ። ደብረ ዘይት። በአስተርዮ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«እናቷ ቁጭ ብዬ?» አለች። «ኃይለየሱስ፣ ልጄ እናት እንደሌላት ሆና ሃምሳ ሦስት ቀን ከረመች። ሁሉም ሲያለቅስላት እኔ ስጨፍር ነበር። ለዓይኔ? ዓይኔን ለምን ፈለግሁት?»

ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና በሩን ከፍታ ወጣች። ልትሮጥ ነው ብዬ ተከተልኳት። አልሮጠችም። ቀጥ ብላ ሳፊያ ሱቅ ሄደች። ሳፊያ ለደንበኛ በረዶ እየሰበረች ነበር።

«ሳፊያ» አለቻት፣ «ሙሉብርሃን ሞታለች። ሰምተሻል?»

ሳፊያ መዶሻው ከእጇ ወደቀ። ከባንኮኒው ዞራ መጥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ተሻለች ትከሻዋን ይዛ አቆመቻት። «ስሚኝ እንጂ፣ መርዶ እየነገርኩሽ ነው። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት። ሕመም ነው ይላሉ።» ተናግራ ስትጨርስ ወጣች። ቀጥሎ ያለው ቤት ገባች። ቀጥሎ ያለው ቤት ገባች። በየቤቱ አንድ ዓይነት ቃል ትናገራለች፤ ልጄ ሞታለች፣ ሰምታችኋል ወይ? «ሰምተናል» የሚላት ሰው ጠፋ። እያንዳንዷ ሴት ዛሬ እንደ ሰማች ሆና ከአዲስ ጮኸች፤ መቼም ማስመሰል አልነበረም። አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዋ ነው የምሄደው። ዞራ አላየችኝም።

የመጨረሻው የአቶ ዘገዬ ቤት ነበር። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ሲያዩዋት ተነሱ።

«ይቀመጡ፣ አቶ ዘገዬ» አለቻቸው። «መርዶ ይዤ መጥቻለሁ።»

ያን ሁሉ ሰው ያረዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደታዘዙት ተቀመጡ። ነገረቻቸው። እዚያ ደጃፍ ላይ ነው የጮኸችው፣ ሴቶቹም ከየቤቱ ተከትለዋት ደርሰው ያዟት። ልይዛት ስጠጋ እጄን ከላይዋ አነሳችው።

ድንኳኑ በዚያው ዕለት ማታ ተተከለ። ግንዱን ማን እንደረገጠው አላየሁም። ሦስት ቀን ሰው ፊት አጠገብ ላጠገብ ተቀመጥን፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ዓይኗም አልተበላሸም፣ ሐኪሙ በሚያዝያ አይቶ በጣም ጥሩ ነው አለ።

ይኸው አራት ዓመት ሆነን። አልተፋታንም፣ አልተጣላንም፤ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፣ አንድ መሶብ እንበላለን። ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሬዲዮ ስሰማ አንድ ሰው የሚያስቅ ነገር ተናገረ፤ ሳላስበው ከት ብዬ ሳቅሁ። ተሻለች ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ መጥታም ፊት ለፊቴ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኳት።

አላመነችኝም።